ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም

«እኛ ጋ ይሠራል። ያንቺ ብቻ ከሆነ እምቢ ያለው፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት ነዋ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ሐኪሟ ይህን የሰማችው በሩን ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ነበር። ድምፁ የወንድ ነው፤ የሚያስረዳ እንጂ የሚቆጣ አይደለም። ከቁጣ ይልቅ እንዲህ ያለው ማስረዳት ሰውን ቁልቁል እንደሚያወርድ ከሥራዋ ታውቃለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህንኑ አባባል በስንት በር ጀርባ እንደሰማች ቁጥሩን ረስታዋለች፤ ባል ለሚስቱ፣ አለቃ ለጸሐፊው፣ የተማረ ልጅ ላልተማረ አባቱ። ዛሬ ግን ከዚያ በኋላ የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶም ሻይ ያማስላል። ሐኪሟ ማማሰሉ እስኪያበቃ ጠበቀች። እንደማያበቃ ሲገባት አንኳኳች።

ሐኪሟ ይሏታል እንጂ ሰው አክማ አታውቅም። የመጀመሪያ ሱቋን ስትከፍት ታፔላ ሠሪው «የኮምፒውተር ሐኪም» ብሎ እንዲጽፍላት ነግራው ነበር። ሰሌዳው ጠበበውና «ሐኪም» የሚለውን እንደ በር አግዝፎ፣ «የኮምፒውተር» የሚለውን እንደ ጉንዳን አሳንሶ ጻፈላት። በዚያ ሳምንት ኮምፒውተር ይዘው ከመጡት ሳል ይዟቸው የመጡት በለጡ፤ አንዲት ሴትዮማ ገና ከበሩ ምላሳቸውን አውጥተው ነው የገቡት። ታፔላው ከተቀየረ ቆይቷል፤ ስሙ ግን እንደ ቀለም እድፍ ላይለቅ ተጣብቆባት ቀረ። እሷም ተጠቀመችበት። ሰው ቤት ስትገባ «ታማሚው የት አለ?» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፤ ሰው ሲስቅ ደግሞ የደበቀውን ይናዘዛል። ሻይ ደፍቼበት ነው፣ ልጁ ተቀምጦበት ነው፣ የማላውቀውን ነገር ነክቼ ነው።

በሩን የከፈተላት አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ነው። «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ? ጥሩ። ብዙም ነገር አይመስለኝም፤ እህቴ የሆነ ነገር ነካክታ ነው» አላትና ወደ መተላለፊያው ዘለቀ። ከፊተኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ እግሩን ከደፉ ሳያሳልፍ፣ «እማዬ፣ ደህና አደርሽ? ደህና ዋይ» አለ፤ መልሱን ወደ ኋላ እየሰማ ወጣ። ከሚስቱ ጋር የሚኖረው እዚያው ፎቁ ላይ ነው፤ ከእናቱ አልጋ እስከ እሱ አልጋ አሥራ አራት ደረጃ ቢሆን ነው።

ሻይ ስታማስል የነበረችው እህትየው ነበረች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ እጅጌዋን ሰብስባለች፤ እጆቿ የሆስፒታል ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ሐኪሟ የተለመደ ቀልዷን ስትጥል አልሳቀችም፤ በዚያ ፈንታ ደብተር አወጣች። «ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ይሠራ ነበር። መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ስመለስ አይሠራም። አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፤ ዋይፋዩን አስረስቼ እንደገና አስገብቼዋለሁ፤ ቀንና ሰዓቱን አይቻለሁ፤ ትክክል ነው። እሑድ ደግሞ ጸረ ቫይረሱን ዘግቼ ሞከርኩ። ያው ነው።» ሁሉም በመስመር በመስመር፣ ከነሰዓቱ፣ ባማረ ጽሕፈት ተጽፏል። ሐኪሟ ደብተሩን አገላብጣ «እንዲህ ያለ አስታማሚ ቢኖር እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ» አለች። ይህን ጊዜ እህትየው በግማሽ ከንፈሯ ፈገግ አለች። «ላቦራቶሪ ነበር የምሠራው» አለች፤ «ነበር» የምትለዋን ቃል ከሌሎቹ ዝቅ አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እናትየው መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ያላገባችው እህትየው ናት፤ ልጅ የሌላትም እሷ ናት፤ ስለዚህ ማንም ሳይመክርበት የሦስት ወር ፈቃድ ወሰደች። ሦስቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ነገር ጀመረች፤ እናቷን አጥባ፣ አብልታ፣ ካስተኛች በኋላ በኢንተርኔት ትማራለች፤ እሷ ከቤት ከዋለች ወዲህ የመጡትን አዳዲስ የመመርመሪያ ማሽኖች፣ የተለወጡትን ደንቦች። አሁን በአውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ያለ ሆስፒታል ለፈተና ጠርቷታል። ዛሬ፣ አምስት ሰዓት ላይ። አርባ ደቂቃ ስክሪኑ ላይ የሚጻፍ ፈተና፣ ከዚያ ሦስት ሰዎች ፊት ለፊት በቪዲዮ የሚጠይቋት። ያላት ስልክ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሆነች የቁልፍ ስልክ ናት። ጎረቤት ሄዳ ትፈተን ቢባል ደግሞ እናትየውን ለሦስት ሰዓት የሚይዝላት የለም፤ ወንድምና ሚስቱ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው። «ወንድሜን ለዛሬ ብቻ ቅርልኝ አልኩት» አለች እህትየው፤ «ስብሰባ አለኝ አለ። ከሄድሽ ደግሞ ለእማዬ ምን ይበጃታል አለኝ። እኔ ገና ፈተናውን አልወሰድኩም፤ ለእሱ ግን ከሄድኩ ቆይቻለሁ።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። የእህትየውን ላፕቶፕ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክፍሏ የጓሮ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ፤ ጠረጴዛው ላይ መጻሕፍቱ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ይላል። ሐኪሟ ይህን ቃል አትወደውም። ጭራሽ አልገናኝም የሚል ኮምፒውተር ቀላል ነው፤ ወይ አንቴናው ሞቷል፣ ወይ የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። ተገናኝቶ የማያደርስ ግን ሰውን ያደክማል። ከቤቱ ራውተር ጋር መነጋገሩን ለማወቅ ጥያቄ ላከችለት፤ ራውተሩ ዓይን ሳይጨፈን መለሰ። አድራሻ ሰጥቶታል፤ በአግባቡ ተቀብሎታል። አንድ ገጽ አትም ብላ አዘዘች፤ ከግድግዳው ወዲያ ከእናትየው ክፍል ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ሲያትም ተሰማ። ከቤት ውጭ ያለ ነገር ስትጠይቅ ግን ዝም። የድረ ገጽ ስሞችን የሚፈታውን አድራሻ ቀየረች፤ ዝም። የኔትወርክ ካርዱን ቅንብር ሁሉ አፍርሳ እንደ አዲስ ሠራችው፤ ዝም። ከዚያ የገዛ ስልኳን አውጥታ በቤቱ ዋይፋይ ገባች፤ ኢንተርኔቱ እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። ቀጥላ ላፕቶፑን ከራሷ ስልክ መስመር ጋር አገናኘችው፤ ተከፈተ። አንድ ገጽ ለመክፈት ግን አንድ ደቂቃ ፈጀበት፤ በዚያች የጓሮ ክፍል ውስጥ የስልኳ ኔትወርክ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሷም ብቅ ጥልቅ ትላለች። በዚህ ቪዲዮ ቀርቶ ሰላምታም አይደርስ።

ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። መስመሩም ጤነኛ ነው። ሁለት ጤነኞች ካልተግባቡ መሀል የገባ አለ ማለት ነው። ሐኪሟ ይህን አሰበችና አሳቧ ወዲያው የመኪና ቁልፉን ወደሚያሽከረክረው ሰው ሄደ። ልክ ነው፤ እሱ ነው። እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ውስጧ ተነቃነቀ፤ ጥፋተኛው ሰው ቀድሞም ያልወደድነው ሲሆን የሚመጣው ዓይነት ደስታ። «የራውተሩን መቆጣጠሪያ ማን ይዞታል?» ብላ ጠየቀች። «መስመሩ በእማዬ ስም ነው። የገጠመው ሰውዬ መተግበሪያውን የጫነው እሷ ስልክ ላይ ነው» አለች እህትየው፤ ደብተሩንም ዘጋች።

የእናትየው ክፍል ከቤቱ ሁሉ ብርሃን ያለው ነው። መስኮቱ ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ የእግረኛው ጭንቅላት፣ የብስክሌቱ ደወል፣ የአትክልት ሻጩ ጩኸት ሁሉ ገብቶ ይወጣል። ራውተሩና ፕሪንተሩ ኮሞዲኖው ላይ ናቸው። እናትየው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሦስት ትራስ ተደግፈው፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አስይዘው፣ ፕሪንተሩ የተፋውን ወረቀት እንደ ደብዳቤ ይዘው ጠበቋት። «ምንም የለበትም እኮ፤ ባዶ ወረቀት ነው የላክሽልኝ» አሏት። «ሴት ናት እንዴ ዛሬ የመጣችው? እሰይ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ነበርኩ። ወንዶቹ ምሰሶ ላይ ይወጣሉ፣ ስሙን እነሱ ይወስዳሉ፤ ሰውን ከሰው የምናገናኘው ግን እኛ ነበርን። ይኸው ቀኝ ጆሮዬ ለሥራው ሄደ።» ሐኪሟ ሣቀች። ራውተሩን እየገለበጠች፣ «እማማ፣ ስልክዎን ለአንድ አፍታ ልየው?» አለች። «ባትሪው ሞቷል» አሉ እናትየው። በዚያው ቅጽበት ከትራሱ ሥር መልእክት የገባበት ስልክ ቅጭል ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ትራሱን አዩት። «ይነሣል አንዳንዴ» አሉ እናትየው።

የራውተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት ነበረ፤ የመግቢያ ቁጥሮቹ ገና አልጠፉም። ሐኪሟ መተላለፊያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ በራሷ ስልክ ወደ ራውተሩ መቆጣጠሪያ ገባች። በቤቱ ያሉ ዕቃዎች ዝርዝር መጣ፤ ቴሌቪዥኑ፣ ፕሪንተሩ፣ የፎቅ ቤቱ ስልኮች፣ የእናትየው ስልክ። ከታች የእህትየው ላፕቶፕ አለ፤ አጠገቡ ቀይ ክብ። «ኢንተርኔት ታግዷል። ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት።» ሐሙስ አራት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ ወንድምየው ቢሮ ነው፤ ሚስቱ ሥራ ናት፤ እህትየው መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ናት። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋው አይወርድም። ሐኪሟ ስልኩን አጥፍታ ቆመች። ያቺ የቅድሟ ደስታ የት እንደገባች አላወቀችም።

አንድ ጣት መንካት ይበቃታል፤ ቀዩ ክብ አረንጓዴ ይሆናል። ለእህትየው «የራውተሩ ነገር ነው፤ አስተካክዬዋለሁ» ብትል ውሸትም አይደል። ነገር ግን በአእምሮዋ የመጣው የገዛ አባቷ ቤት ነበር። አባቷ የሚኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እሷ በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች፤ አባቷ ስለ ጉልበቱ ይነግራታል፤ እህቷ ስልኩን ተቀብላ «ሁሉ ሰላም ነው» ትላለች። ሁሉ ሰላም ነው የሚለው ቃል ምን ምን እንዳዘለ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አለመጠየቋ ክፋት አልነበረም፤ ካልጠየቁ ቀላል ስለሆነ ነው። ተመልሳ ወደ እናትየው ክፍል ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እማማ፣ ኮምፒውተሯ ደህና ናት። መስመሩም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሰው ነው።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አንድ ሰውዬ ፍራሽ ተሸክሞ አለፈ፤ ጭንቅላቱ አይታይም፤ ፍራሹ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሥቁበት ነበር። «በኛ ጊዜ» አሉ በመጨረሻ፣ «የሰው መስመር የቆረጠች ኦፕሬተር በዚያው ቀን ከወንበሯ ትነሣ ነበር። እኔ ስንት ነገር ሰምቼ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው ቆርጬ አላውቅም። የሚሳደብ አልቆረጥኩም፤ የሚዋሽ አልቆረጥኩም። ልጄን ቆረጥኩ።» ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ቀጠሉ። «ሂጂ ንገሪያት። ወንድሟ ግን እንዳይሰማ። እሱ የሰማ ዕለት እናቴ አእምሮዋ ተነካ ብሎ የሚያስገባኝን ቤት ይፈልግልኛል። ከልቡ ነው የሚፈልግልኝ፤ ጥሩ ጥሩውን ያማርጥልኛል።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ እሳቸው ግን እንደተጠየቁ ቀጠሉ። «ስታጠና በግድግዳው ይሰማኛል። ጮክ ብላ ነው የምታጠናው። አንድ ጆሮ ቢቀረኝም ድምፅ የሚያመልጠኝ ሰው አይደለሁም። እዚያ ስታነብ ሌላ ድምፅ አላት፤ ቀና ያለ፣ ፈጠን ያለ። እኔን ስታናግር የሌለ። ወጣት ሳለች ከሥራ ስትመለስ በዚያ ድምፅ ነበር ከበር ጀምራ የምትጣራው፤ ጠፍቷል ብዬ ትቼው ነበር። ያን ስሰማ፣ በቃ ልጄ ሄደች አልኩ። አንቺ ወላጅ አለሽ?»

«አባቴ አለ። እህቴ ናት የያዘችው።»

«አንቺስ?»

«እኔ የሄድኩት ነኝ።»

እናትየው ዞረው አዩአት፤ በክፋት አልነበረም፤ አንድ ሰው ሲፈልገው የኖረውን ዕቃ በሰው ቤት ሲያይ እንደሚያየው። «እህትሽ ቅሬታዋን ነግራሽ ታውቃለች?» አሏት። «አታውቅም» አለች ሐኪሟ። «የኔዋም አታውቅም» አሉ እናትየው።

«እኔ ልከፍተው እችላለሁ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፤ «በእጄ ነው። ግን እኔ ብከፍተው ነገ ተመልሰው ይዘጉታል።» «እዘጋዋለሁ» አሉ እናትየው ያለ ማወላወል። ሆኖም ስልኩን ከትራሱ ሥር አላወጡም። በግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል አለፈ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሊሆን ሲል በሩ ተገፋና እህትየው በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ክኒን ይዛ ገባች። ከወገብ በላይ ነጭ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳ ፀጉሯን አስተካክላለች፤ ከወገብ በታች ያው የቤት ጉርድና የላስቲክ ጫማ ነው። ካሜራው የሚያየው ላይኛውን ብቻ ነዋ። ተሠራ ወይ ብላ ሐኪሟን አልጠየቀችም፤ ዓይኗንም ወደ ራውተሩ አልጣለችም። «እማዬ፣ የአምስት ሰዓቱን ክኒን አሁን ዋጪልኝ፤ ኋላ ላልመጣ እችላለሁ» አለች። እናትየው ክኒኑን ዋጡ፤ ውሃውን እስከ ጭላጩ ጠጡት፤ ብርጭቆውን ሲመልሱ የልጃቸውን አንገት እያዩ ነበር።

«ይኼ የሥራሽ ሸሚዝ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ጠቦሻል።»

«ስድስት ዓመት ሆነው እኮ፣ እማዬ።»

«ጎንበስ በይ» አሉ እናትየው፤ ጎንበስ አለች፤ የላይኛውን ቁልፍ ፈቱላት፤ ኮሌታውን ግራና ቀኝ አስተካከሉላት። «እንዲህ ይሻላል። ያንቅሻል እንዲያ» አሏት። እህትየው ቀና ብላ ብርጭቆውን ይዛ ወጣች። የላስቲክ ጫማዋ ድምፅ በመተላለፊያው ርቆ የጓሮው በር እስኪዘጋ ድረስ እናትየው አልተነቃነቁም። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጡ፤ ሐኪሟ ልታግዛቸው እጇን ብትዘረጋ በክርናቸው ከለከሏት። መተግበሪያውን ራሳቸው ፈልገው አገኙት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ራሳቸው ወረዱ፤ ቀዩን ክብ ነክተው አረንጓዴ እስኪሆን ጣታቸውን እላዩ ላይ አቆዩት፤ ያነሡት እንደሆነ የሚመለስ ይመስል።

ሐኪሟ ወደ ጓሮው ክፍል ስትሄድ እህትየው ስክሪኑ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቶ የፈተናው ገጽ ተከፍቷል፤ ቁልቁል የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሐኪሟ በመንገድ ያዘጋጀችውን ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት እህትየው ቀደመቻት።

«አትንገሪኝ።»

«ምን?»

«ሐሙስ ከመድኃኒት ቤት ስመለስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ነበር፤ ስልኳ ደግሞ ትኩስ ነበር። እኔ እኮ ላቦራቶሪ ነው የሠራሁት፤ አንድን ነገር እያወቅሁ እንዳላወቅሁ ደብተር ላይ ስጽፍ አራት ቀን ሆነኝ።» ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «ልጠይቃት ፈለግሁ። ግን ይህን ብጠይቃት አፌ አይቆምም፤ ስድስት ዓመት የዋጥኩት ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። አልጋ ላይ ላለች እናት ያ ይነገራል? እኔ የጠራሁሽ ኮምፒውተሩን እንድትሠሪ አልነበረም። እሷ ፊት ሌላ ሰው እንዲቀመጥ ነው።» ትንፋሿን ሳበች። «ማን ከፈተው? አንቺ ነሽ?»

«እሳቸው ናቸው። በገዛ እጃቸው።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የእጇን ጀርባ ዓይኗ ሥር አሳልፋ፣ «ካሜራው ላይ ይታይብኛል?» አለች። «አይታይም» አለች ሐኪሟ። «እስክትጨርሺ እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ፤ በሩን ልዝጋው።»

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሐኪሟ ከእናትየው ጋር ተቀመጠች። ሱቅ የሚጠብቋት ሁለት ደንበኞች ደወሉ፤ ለሁለቱም «በሽተኛ ላይ ነኝ» አለቻቸው፤ እናትየው ይህን ሰምተው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሣቁ። ውሃ አቀበለቻቸው፤ ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው፤ እግራቸውን እንዴት እንደምታዞር ራሳቸው አስተማሯት። በመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ከግድግዳው ወዲያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ድምፅ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ቀና ያለና ፈጠን ያለ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ሣቅ ተሰማ። እናትየው ጤነኛውን ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «በደንብ እየመለሰች ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሰው ሲጨነቅ ድምፁ ከጉሮሮው ነው፤ ሲያውቀው ከደረቱ ነው። ይኼ የደረት ነው።»

እህትየው ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ መጣች። ምንም ሳትናገር የአልጋው ጫፍ ላይ፣ እናቷ እግር አጠገብ ተቀመጠች። ያን ሸሚዝ ላብ አርሶታል።

«እህሳ?» አሉ እናትየው።

«ውጤቱን በጽሑፍ እንልካለን አሉ። ግን አንደኛዋ ሴትዮ ከወሩ መጀመሪያ መግባት ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ቤት ልጠይቅና ከሰዓት ልደውል አልኳት።»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ለመውጣት ተነሥታ ነበር፤ ማንም ቆዪ አላላትም፤ ማንም ሂጂም አላላት፤ በሩ አጠገብ ቆመች። እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ። ስልካቸውን አንሥተው ቁጥር መረጡና በአንድ ጆሯቸው ስለማይተማመኑ ድምፁን አጉልተው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«እማዬ? ምን ሆንሽ? ስብሰባ ላይ ነኝ» አለ የወንድምየው ድምፅ።

«ምንም አልሆንኩም። ስማኝ፤ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋት ከአልጋ የምታነሣኝና የምታጥበኝ አንተ ነህ። ቀን ቀን የሚውል ሰው ትቀጥራላችሁ፤ ማታውን ከሚስትህ ጋር ተነጋገሩበት።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ተገፋ፤ በር ተከፍቶ ተዘጋ። «እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው? እኔ እንዴት አድርጌ... አላውቅበትም እኮ!»

«ትለምደዋለህ። እሷም ተምራ አልተወለደችም።»

«ታዲያ እህቴ እያለች—»

እህትየው ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ፤ እኔ ላስረዳው» አለች በለሆሳስ። እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻቸውን አዞሩባት።

«እህትህ የለችም» አሉት።

«የለችም? የት ሄደች?»

«ሥራ ሄደች» አሉና መስመሩን ዘጉት። ሐኪሟ በሩ አጠገብ እንደቆመች ነበረች፤ ቃሉ ለወንድምየው ብቻ የተነገረ አልመሰላትም። እናትየው መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት፤ እጇን ገና እንደዘረጋች የቀረችውን ልጃቸውን አዩአትና ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ምን ታዪኛለሽ? ደውዪላት እንጂ። ቤት ጠየቅሁ በያት።»